ማ ጋኦኔ እና ሦስት ሺህ ቮልት

ማ ጋኦኔ በማሃላፔ ከተማ ስልክ ቤት ትሠራለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ከሩቅ ሰዎች ጋር የምታወራበት አማተር ሬዲዮዋ ላይ ነው የምትጣደው። ባሏ ራ ጋኦኔ ሬዲዮውን አይጠላም። የሚፈራው ከጎኑ የተጎለተውን፣ ድምፅዋን ሩቅ የሚያደርሰውን ባለ መስታወት ቱቦ ማጉያ ነው። አይፈረድበትም። ሙያውን ያስተማራት ሽማግሌ የዚህን ዓይነት ማጉያ ክዳን ከፍቶ እጁን እንደሰደደ ነው ሞቶ የቀረው።

ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከሩቋ ሻካዌ መንደር የደከመ ድምፅ መጣ። ሞሎኪ ነበር፤ በአየር ሞገድ ብቻ የምታውቀው አስተማሪ።

"የሚሰማኝ አለ? ምጥ የጠናባት ሴት አለች፤ ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል። መንገዱን ውሃ ወስዶታል፣ ስልክም የለም። አውሮፕላን!"

መለሰችለት። አልሰማትም። ጮኸች። እሱ መጣራቱን ቀጠለ።

ራ ጋኦኔ ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። የሆስፒታሉ አውሮፕላን አብራሪ ግን፣ "ማረፊያው የቱ ጋ እንደደረቀ ሳላውቅ ጭቃ ላይ አልወርድም" አለ።

የቀረው ማጉያው ነው። ቱቦውን በቅርቡ ብትቀይረውም ገና አላስተካከለችውም። አበራችው። ቱቦው ቀላ፤ ሦስት ሺህ ቮልቱን የሚያሳየው መርፌ ግን ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። አጠፋችና ሶኬቱን ነቀለች።

"ዜሮ ነው የሚለው እኮ! ምን ትጠብቂያለሽ? ክፈቺውና እዪው!" አለ ባሏ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስነካው የምትንቀጠቀጠው አንተ አልነበርክም?"

"ሴትየዋ እየሞተች ነው፣ ማ ጋኦኔ!"

ቢሆንም ውስጡ የቀረ ኃይል ካለ እንዲፈስ ጠበቀች። ከዚያ ክዳኑን አነሳች፣ ኤሌክትሪክ በልቧ እንዳያልፍ ግራ እጇን ኪሷ ከተተች፣ ባለ ፕላስቲክ እጀታውንና ከመሬት ሽቦ ጋር የታሰረውን ዘንግ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ወደሚይዙት ካፓሲተሮች አስጠጋች።

ጧ!

ሰማያዊ ብልጭታ ቤቱን ሞላው። ራ ጋኦኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መርፌው ዋሽቷል። ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚያፈስሰው፣ መርፌውንም የሚያንቀሳቅሰው ሬዚስተር ተበጥሶ፣ ካፓሲተሮቹ ሞት አቅፈው ተቀምጠው ነበር።

"ብሰማህ ኖሮ ጣቴን እሰድ ነበር" አለች በሹክሹክታ።

ሬዚስተሩን ቀየረች። ሞሎኪ አሁንም ይጣራል፤ ድምፁ ሰልሏል። ክዳኑን ገጠመች፣ ሶኬቱን ሰካች። ማጉያውን ለሙከራ ከአንቴናው ለይታ፣ ኃይሉን ወደ ሙቀት ከሚለውጠው ዘይት የሞላ ቆርቆሮ ጋር አገናኘችው። በትንሽ ኃይል ጀመረች። አንደኛውን ቁልፍ የቱቦው ኤሌክትሪክ ዝቅ እስኪል፣ ሁለተኛውን የሚወጣው ኃይል ከፍ እስኪል፤ ለአፍታ ታዞራለች፣ ቱቦው እንዳይቃጠል ትለቃለች፣ ደግሞ ታዞራለች።

"አይበቃም?" አለ ባሏ።

"ዝም በለኝ እባክህ። አንድ ቱቦ ነው ያለኝ።"

ሁለቱም ሲስማሙላት ወደ አንቴናው መለሰችው፤ ለአንቴናውም ጥቂት አረመችለትና ተጣራች።

"ሞሎኪ! ማ ጋኦኔ ነኝ። ማረፊያው የቱ ጋ ነው የደረቀው?"

ሰውየው እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ፣ "ሰማሁሽ፣ እማ! ምሥራቁ ጫፍ ደርቋል! ከብቱን እናባርራለን!" አለ።

ራ ጋኦኔ ይህንኑ ለአብራሪው በስልክ ነገረው፤ አውሮፕላኑ ከቀትር በኋላ አረፈ። እናትየዋ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ማ ጋኦኔ ይህን ስትሰማ ሬዲዮውን ዘግታ ወደ ጓሮ ወጣች። ባሏ ተከትሏት ወጣ፤ "እንዳልኩሽ ብትቸኩይ ኖሮ ሦስት ሬሳ ነበር፤ አንዱ ደግሞ እዚህ ቤት" አላት። እጁን ያዘችው።