በካርታ ላይ አሥራ አራት ኪሎሜትር

ኦቲልያ ሞስኬራ በአንድ ሩቅ ወንዝ ዳር ተወልዳ፣ በታንኳ እየተመላለሰች ተምራ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ በዋና ከተማው የጤና ቢሮ የፖሊሲ ባለሙያ ሆነች። ሥራዋን ለአክስቷ ለዶኛ ፌሊሳ ማስረዳት ግን ከመመረቂያ ጽሑፏ የባሰ አስቸገራት። መንደሩ በአክብሮት «ዶኛ» የሚላቸው እኚህ ሴት አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ሴቶች ሲያዋልዱ የኖሩ ናቸው።

«መርፌ ትወጊያለሽ?»

«አልወጋም፣ አክስቴ።»

«ታዋልጃለሽ?»

«ኧረ አላዋልድም።»

«እና ለምኑ ይከፍሉሻል?»

«ጤና ጣቢያ የት መሠራት እንዳለበት የሚወስነውን ደንብ እናዘጋጃለን።»

«እሰይ! ለካ እኛ ጋ የሌለው በአንቺ ምክንያት ነው!»

ኦቲልያ አብራ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ሲጎረብጣት ሰነበተ። ቢሮ ስትመለስ ደንቡን አውጥታ አነበበችው። ከጤና ጣቢያ በሃያ ኪሎሜትር ውስጥ ያለ መንደር ሁሉ አገልግሎት እንዳገኘ ይቆጠራል ይላል። የእነሱ መንደር ከቅርቡ ጤና ጣቢያ በካርታው ላይ አሥራ አራት ኪሎሜትር ብቻ ነው።

ለአለቃዋ ለዶክተር ቤልትራን ብትነግራቸው፣ «አሥራ አራት? እሱንማ እሑድ እሑድ በብስክሌት እጨርሰዋለሁ» አሉ።

«እንግዲያው ብስክሌትዎን ይዘው ይምጡ፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ እልኸኛ ሰው ናቸው። በዝናቡ ወር፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጤና ጣቢያው አጠገብ ካለው የጀልባ መነሻ ከች አሉ። ከኦቲልያ ጋር ተሳፈሩ፤ የጀልባዋ ሞተር ግን ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ድምፁ ጠፋና በመቅዘፊያ ቀጠሉ። ወንዙ እንደሆን ቀጥ ብሎ መሄድ አይወድም፤ አሁን ያለፉትን ዛፍ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሌላ በኩል መልሶ ያሳያል። የወደቀ ግንድ ሲዘጋባቸው ወርደው ገፉ፤ የዶክተሩ አንድ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ቢቸግራቸው፣ «አልደረስንም?» አሉ።

«በካርታው ከደረስን ቆየን» አለች ኦቲልያ።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ዶኛ ፌሊሳ ወንዙ ዳር ቆመው በጭቃ የተለወሱትን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «ይሄኛውም ምጥ ይዞት ነው?» አሉ።

«አክስቴ! አለቃዬ ናቸው!»

«አይዞህ ልጄ፣ ና ተቀመጥ» ብለው የተጠበሰ ዓሣና ሙዝ አቀረቡላቸው።

ዶክተሩ በልተው ሲረጋጉ፣ ምጥ የጠናባት ሴት በዚሁ መንገድ ትወርድ እንደሆነ ጠየቁ።

«ሌላ መንገድ የት አለ? ሮሳልባ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወለደች፤ እሷም ልጇም ደህና ናቸው። ከእሷ በኋላ የሄደችው ግን ጤና ጣቢያው ሳትደርስ ቀረች።»

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ስለ ብስክሌት አላነሡም።

ደንቡን ለመለወጥ ስምንት ወርና አሥራ አንድ ስብሰባ ፈጀ። «ኪሎሜትር» ተሰርዞ «የጉዞ ሰዓት» ገባ። ኦቲልያ ለወንዙ ስድስት ጤና ጣቢያ ጠይቃ ሁለት ብቻ ተፈቀደላት፤ ተናደደችም፣ ጨፈረችም። አንደኛው ከዶኛ ፌሊሳ ቤት ዝቅ ብሎ ተሠራ። እሳቸውም አዲሷን ነርስ ገና በመጀመሪያው ቀን መምከር ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ቤልትራን ወረቀት እያውለበለቡ ኦቲልያ ቢሮ ገቡ። የከተማው ሀብታሞች ሰፈር አመልክቶ ነበር፤ በመኪና መጨናነቅ የተነሣ ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅብን ጤና ጣቢያ ይገባናል ይላል።

«አሁን ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

«በእግር ስንት ይፈጅባቸዋል?»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ!»

ኦቲልያ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ሳብ አድርጋ በደንቡ ላይ በእግር መሄድን የሚመለከት አንድ ንዑስ አንቀጽ መጨመር ጀመረች።