ከግራው ዳር የጠፉ መስመሮች

መጀመሪያ የጠፋኝ አንድ መስመር ኮድ ነው። ጭሮ ከአባቴ ጋር በምኖርበት ቤት፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛዬ ተቀምጬ እየሠራሁ ነበር። የምሠራበት አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እኔ ግን ሥራዬን ከዚሁ ከቤት ሆኜ በኢንተርኔት እሠራለሁ። ያን ቀን ጠዋት ፕሮግራሙ አልነሳ አለኝ። ኮምፒውተሩ አንዱን መስመር ጠቅሶ፣ አጀማመሩ ከበላዩ ካለው ጋር አይገጥምም አለኝ። መስመሩን አየሁት። ምንም አልሆነም። እንደገና አየሁት፤ ከበላዩ ካለው ሥር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እኔ በምሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ እያንዳንዱ መስመር ከግራው ዳር ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተጻፈ ትርጉም አለው። "ሕመምተኛው ቀጠሮ ካለው" ብለን፣ ከሥሩ ገባ አድርገን "መልእክት ላክ" ብንጽፍ፣ መልእክቱ የሚሄደው ቀጠሮ ላለው ብቻ ነው። ሁለተኛውን መስመር ወደ ዳር ብናወጣው ግን ለሁሉም ይሄዳል። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ባዶው ቦታ ነው። ባዶው ቦታ ደግሞ ታብ የሚባለውን ቁልፍ አንዴ በመጫን ወይም ስፔስን በመደጋገም ሊሠራ ይችላል። ለዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ይለያቸዋል፤ ሲደባለቁበት ይቆማል።

አዲስ አበባ ላለችው ባልደረባዬ ደወልኩላት። እሷ ከእኔ በፊት የተቀጠረች፣ የምጽፈውን ሁሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የምታይልኝ ናት። ፋይሉን ከፍታ አየችው።

"እዚህ ጋ ወጣ ብሏል እኮ" አለችኝ።

"የቱ ጋ?"

"ከታች ሁለተኛው። ወደ ግራ ወጥቷል፤ በደንብ ይታያል።"

አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ። ያኔ ታየኝ። መስመሩ በእርግጥ ወጣ ብሏል። ቀጥ ብዬ ሳየው ግን ያ ጫፉ አልነበረም። ጭጋግ አልሸፈነውም፣ ጥቁር ነገር አልጋረደውም፤ ዝም ብሎ የለም። አንገቴን ስመልስ እንደገና ጠፋ።

"እሺ፣ አገኘሁት" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መስመሩን ግን ወዲያው አላረምኩትም።

ለምን እንደፈራሁ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሚኤሶ ማሽላ ጭኖ እስከ ሂርና ይመላለስ ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሚኤሶ መግቢያው ላይ ከጎን የገባች ግመል ገጨ። ረዳቱ "ግመል፣ ግመል" እያለ ነግሮታል፤ እሱ "የታለች?" እያለ ነበር። ዓይኑ ከዳር ከዳር እያለቀ መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። ግላኮማ ነው አሉት። አያምም፣ አያሳክክም፣ አያቀላም፤ ቀስ እያለ ከጠርዝ ጀምሮ ይወስዳል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ብዙው ሄዶ ነበር። ዛሬ በአንደኛው ዓይኑ ምንም አያይም፤ በሌላው ቀንና ሌሊቱን ብቻ ይለያል። ሐኪሙ ያን ጊዜ፣ በሽታው በዘር ስለሚሄድ ልጆቹም እንዲመረመሩ ነግሮት ነበር። እሺ ብለን ወጣን፤ ከዚያ በኋላ ማናችንም አላነሳነውም።

ለማንም አልተናገርኩም። ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ከቤት ስወጣ አስፋልቱ ዳር እቆምና ሰው ሲሻገር አብሬ እሻገራለሁ፤ አንድ ባጃጅ በግራዬ በኩል ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ቀሚሴን ጠርጎ ካለፈ በኋላ ብቻዬን መሻገር ተውኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ፊደሉን አሳደግኩት። ለጊዜው ቀለለኝ። ነገር ግን ታብ አንዴ ሲመታ ሰፊ ቦታ ይዘላል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ደጋግሞ ገባ ያለ መስመር በቀኝ በኩል ከስክሪኑ ወጥቶ ይሄዳል። የታቡን ስፋት አጠበብኩት። ሲጠብ ደግሞ የገባውንና ያልገባውን መለየት አቃተኝ።

ከሁሉ የባሰው ኤዲተሩ ነበር። ኤዲተር የምንለው ኮድ የምንጽፍበትን ፕሮግራም ነው። እንተር ስንመታ ቀጣዩን መስመር ራሱ ገባ ያደርግልናል። ግን በታብ የተጻፈ የቆየ ፋይል ውስጥ ሳይጠይቅ ስፔስ ይከታል። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ኮድ ሲለጠፍበት ደግሞ ምን ያህል መግባት እንዳለበት ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም ይስታል። ድሮ ሳላስበው በዓይኔ ጠርጌ አርመው ነበር። አሁን ስህተቱ የሚቀመጠው እኔ የማላየው ቦታ ላይ ነው።

አንድ ቀን ለአንድ ሆስፒታል በምንሠራው የቀጠሮ ማስታወሻ ውስጥ ከሌላ ፋይል የቀዳሁትን ኮድ ለጠፍኩ። ሠራ፤ ኮምፒውተሩም ምንም አላለም። ለባልደረባዬ ላክሁላት። ከሰዓት በኋላ ደወለች።

"ሞከርኩት። 'ነገ ይምጡ' የሚለውን ለሁሉም ነው የሚልከው፤ ቀጠሮ ለሌላቸውም።"

ወዲያው ገባኝ። "መልእክት ላክ" የሚለው መስመር ሲለጠፍ ወደ ዳር ወጥቷል። ሙከራ ስለነበረ ለማንም አልደረሰም። እኔን ግን የታሰበችኝ ገጠር፣ ቦኬ ያለችው አክስቴ ናት። እንዲህ ያለ መልእክት ቢደርሳት ለጎረቤት አስነብባ፣ ገበያዋን ጥላ፣ የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች የምትመጣ ሴት ናት። ስንት እንደሷ ያለ ሰው ይኖራል።

"ደክሞሻል እንዴ?" አለችኝ ባልደረባዬ።

"ትንሽ።"

"አንቺን እንዲህ ያለ ነገር አያመልጥሽም ነበር።"

በክፋት አልነበረም ያለችው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሥራውን መቀጠል አልቻልኩም። ዓይኔ ቢሄድ ሥራዬም አብሮ መሄዱ ነው። ሥራዬ ከሄደ እኔና አባቴ ሁለት ዓይነ ስውሮች ሆነን በዚህ ቤት ልንቀመጥ ነው። ይህን ሳስብ ወደ ጓሮ ወጥቼ አስመለስኩ።

የነቃብኝ አባቴ ነው። በማግስቱ በዱላው እየተመራ ከበረንዳው ገባና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ኢንተላ ቲያ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "ድሮ ስትጽፊ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። አሁን ትመቺያለሽ፣ ትቆሚያለሽ። ምን ሆነሻል?"

"ሥራው ከብዶኝ ነው፣ አባ።"

"ሥራ ሲከብድሽ ታጉረመርሚያለሽ። አሁን ዝም ነው ያልሽው።" ከዚያ ጠየቀኝ፤ "አንገትሽን ታዞሪያለሽ?"

መዋሸት አልቻልኩም። እሱ ራሱ መንዳት ከማቆሙ በፊት አንገቱን እንዴት ያዞር እንደነበር አስታውሳለሁ።

"አዎ" አልኩት።

እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

"በእኔ በኩል ነው የመጣብሽ" አለ።

"የአላህ ነው፣ አባ።"

"የአላህ ነው። ግን በእኔ በኩል ነው የመጣው።" ዱላውን ይዞ ተነሣ። "ነገ ሐረር እንሄዳለን።"

"አንተ እዚያ ድረስ መጥተህ ምን ታደርጋለህ?"

"ቁጭ እላለሁ" አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ብዙም አላወራንም። አባቴ መንገዱን በመታጠፊያው ያውቀዋል፤ ሂርና ልንደርስ ስንል፣ ጫት ሻጮቹ ገና መስኮቱን ሳይከቡት፣ "ሂርና ነን" አለ። እኔ ቁርአን የምቀራ መስዬ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር እንጂ ፍርሃቱ አንድም አያ፣ አንዲት አንቀጽ እንኳ፣ አላስጨረሰኝም።

ሐረር ያለው ክሊኒክ ውስጥ አገጬን ማስደገፊያ ላይ አስቀመጡኝና አንድ ቁልፍ አስያዙኝ። ከፊቴ ባለው ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ባየሁ ቁጥር እጫናለሁ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። ከዚያ ብርሃኑ ቀረ። ዝም አለ። ማሽኑ ቆሞ ይሁን፣ ወይስ ብርሃኑ እየበራ እኔ ሳላየው ቀርቼ ይሁን፣ ማወቂያ የለኝም። በሕይወቴ እንደዚያች ዝምታ ያስፈራኝ ነገር የለም። አንዴ ምንም ሳላይ ተጫንኩ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። የምርመራውን ወረቀት ፊቷ ዘርግታ ለአባቴም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

"ግላኮማ ነው። የጠፋው አይመለስም። ግን በጊዜ ነው የመጣሽው። የማዝልሽን የዓይን ጠብታ ሳታቋርጪ ከተጠቀምሽ የቀረውን ማቆየት እንችላለን ብዬ አስባለሁ።"

"ታስቢያለሽ ወይስ ታውቂያለሽ?" አለ አባቴ።

"አስባለሁ፣ አባባ። አውቃለሁ ብልዎት ውሸት ይሆናል።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። በኋላ ስንወጣ፣ "ይቺ ጥሩ ሐኪም ናት" አለኝ።

ጭሮ እንደተመለስን ለባልደረባዬ ሁሉንም ነገርኳት። ከሥራ የሚያወጡኝ ከሆነ ቶሎ ይለይልኝ ብዬ ነው የነገርኳት። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈርቼ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ፈርቻለሁ።"

"እሺ" አለች። "ምን ነገር ቢስተካከል ይቀልልሻል? ከዚያ እንጀምር።"

ኤዲተሩ ሥሪቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ማሻሻያ ሊያቀርብ ይችላል። በየዕለቱ ጠዋት፣ ጠብታዬን ካደረግኩ በኋላ፣ የመሥሪያ ቤት ሥራዬን ሳልጀምር እሱን እሠራ ጀመር። መጀመሪያ ፋይሉ በታብ ይሁን በስፔስ የተጻፈ መሆኑን ኤዲተሩ ራሱ አንብቦ ያንኑ እንዲከተል አደረግኩ። ቀጥሎ የተለጠፈ ኮድ በመስመሮቹ መካከል የነበረውን ርቀት ሳያጠፋ እንዲገባ፣ ኤዲተሩ ከገመተም መገመቱን እንዲናገር አደረግኩ። ወደ ኋላ መደምሰሻውም ባዶ ቦታውን ከመሸራረፍ አንድ እርከን ሙሉ እንዲመልስ አስተካከልኩት። ይህ ሁሉ ግን ለሚያይ ሰው ነው። እኔ የምፈራው የማላይበትን ቀን ስለሆነ ድምፅ ጨመርኩበት፤ ጠቋሚው መስመር በለወጠ ቁጥር አጭር ድምፅ ይሰማል፤ መስመሩ ወደ ውስጥ በገባ መጠን ድምፁ ይቀጥናል።

አባቴ ከበረንዳው ሰማው።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?"

ነገርኩት። ገብቶ ተቀመጠና ዓይኔን ጨፍኜ ስሠራ ያዳምጠኝ ጀመር። አንዳንዴ፣ "አሁን ወጣሽ፤ ዳር ነሽ" ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር።

ማሻሻያውን ልኬ መልስ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። የኤዲተሩ ባለቤቶች የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። መልሱ መጣ፤ የታቡ ክፍል ጥሩ ነው፣ የድምፁ ክፍል ግን አላስፈላጊ ነው የሚል ነበር። ድምፁ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመጻፍ ስለ ዓይኔ መጻፍ ነበረብኝ፤ ለማላውቃቸው ሰዎች፣ ሁሉም በሚያነብበት ቦታ። ብዙ ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። በመጨረሻ በአጭሩ ጻፍኩ፤ ዓይኔ ከግራ በኩል እየቀነሰ ነው፣ ኮድ መጻፍ ግን ማቆም አልፈልግም፣ አልኩ። እንደገና አስተካክዪ አሉኝ፤ አስተካከልኩ። ማንም ሳይፈልገው እንዳይጮኽ፣ የፈለገ ብቻ የሚከፍተው አድርገው ተቀበሉት። ደስታዬን በቅጡ አላጣጣምኩትም፤ በዚያው ቀን መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩት ገና ያልተከፈተ ጠብታ ሞቆ እንዳይበላሽ ስጨነቅ ዋልኩ።

ከወራት በኋላ ለምርመራ ወደ ሐረር ተመለስን። እንደገና ያ ማሽን፣ እንደገና ያ ዝምታ። ዶክተሯ አዲሱንና አሮጌውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አየች።

"አልጨመረም" አለች። "እንዳለ ነው።"

"አልሀምዱሊላህ" አለ አባቴ።

ስንመለስ ሂርና ላይ ወርደን ምሳ አዘዝን። አባቴ በደንብ በላ። እኔ አንድ ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት።

"ምነው? እንዳለ ነው አላለችም?" አለኝ።

"የሚቀጥለውን እያሰብኩ ነው። አንተ መቼ ነው መፍራት ያቆምከው?"

"አላቆምኩም" አለ። "እስከ ዛሬ ደረጃ እፈራለሁ። የመጨረሻው ነው ብዬ ስረግጥ ሌላ ይኖራል።" ከዚያ ሳህኔን ወደ እኔ ገፋው። "ብዪ። መንገድ አለብን።"

የቻልኩትን በላሁ። ስንወጣ ክንዱን ያዝኩት፤ ከምግብ ቤቱ በር እስከ መሬት ድረስ ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ እየነገርኩት ወረድን። ማዶ የሚኒባሱ ረዳት "ጭሮ፣ ጭሮ" እያለ ይጣራ ነበር፤ ወደ ግራ ዞሬ መንገዱን አየሁና ተሻገርን።