ማንኮራፋቴን ያላመንሁባቸው ዓመታት

በመጀመሪያ ያመመኝ ጎኔ ነው። ጠዋት ስነሣ የግራ ጎድኔ ይጠዘጥዘኛል። ገልጬ ሳየው በልዟል። አልወደቅሁም፣ ከማንም ጋር አልተጣላሁም፤ ማታ ደህና ተኝቼ ጠዋት እንደተደበደበ ሰው እነሣለሁ። አፌ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ራሴን ይወጥረኛል። ቀን ደግሞ በተቀመጥሁበት እንቅልፍ ያዳፋኛል።

ዳባት አጠገብ ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ነኝ፤ ዜማ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሚያንኮራፋ፣ ይልቁንም እንደኔ «ኧረ እኔ አላንኮራፋም!» እያለ ለሚከራከር ሰው ነው። ጠባዬን አስቀድሜ ልናገር፤ ተጠራጣሪ ነኝ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ለልመና ስዞር ውሻ ያለበትን ደጅ ከሌለበት እየለየሁ ነው ያደግሁት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን አባባል እንደ ዳዊት ስደግመው ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ጎኔ ሲበልዝ ሰው ጠረጠርሁ። ግራ ጌታ ምስጋናውን። ምክትሌ ነው፤ ድምፁ ያምራል፤ ወንበሬን ይመኛል ብዬ አምን ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሰውን በድግምት ያስመታል ይባላልና፣ ሌሊት የሚደበድበኝን መንፈስ የላከብኝ እሱ መሰለኝ። ሱባኤ ገብቼ ጸበል ተጠመቅሁ። ጸበሉ ልቤን አሳረፈው፤ ጎኔ ግን መበለዙን አልተወም።

ባለቤቴ ባንቺአየሁ «አንቱ ሰው፣ ድግምት አይደለም፤ ያንኮራፋሉ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ትለኛለች። እሷንም ጠረጠርኋት። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትነሣው፤ እህል እየለቀመች ታንቀላፋለች። ሌሊት ብንን ባልሁ ቁጥር አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ስላት «ምንም» ትላለች። በእንቅልፍ ልቤ የምናገረውን የምታዳምጥ መሰለኝ። አልጋ ለመለየት ሰበብ የምትፈልግም መሰለኝ። ምን ያልመሰለኝ አለ!

የዜማ ትምህርት በቃል ነው። ተማሪው ያዜማል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፤ ሲስት በመቋሚያዬ መሬቱን መታ አደርጋለሁ። ዓይን መጨፈን የሙያው ወግ ነውና መተኛቴን ማንም አያውቅብኝም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ጢም ያበቀለ ደቀ መዝሙሬ «የኔታ፣ ሦስት ቦታ ስቼ ነበር፤ አላረሙኝም» አለኝ። ሊፈትነኝ የተላከ መስሎኝ ተቆጣሁት።

ከዚያ የደብራችን ክብረ በዓል መጣ። ታቦቱ ወጥቷል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ወረቡ ደርቷል። መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ተኛሁ። ቆሜ ተኛሁ። መቋሚያው ተንሸራተተ፤ ከበሮው ላይ ወደቅሁ። አንዱ «ጠላው ነው» አለ። ሌሎች ሳቁ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰበካ ጉባኤው ጠራኝ። ሊቀ መንበሩ መሬት መሬቱን እያየ «መሪጌታ፣ እስከሚመጣው ዓመት ክብረ በዓል ካልተሻለዎት ወንበሩን ለሌላ መስጠታችን ነው» አለኝ። ሌላው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ከዚያ ወንበር ከወረድሁ ከልጅነት እስከ ሽበት የደከምሁበት ሁሉ ሜዳ ቀረ።

ምክር ይዞ የመጣው ራሱ ግራ ጌታ ምስጋናው ነው። «እንጥልዎ ወርዶ እንዳይሆን፤ የኔን ልጅ የቆረጠ ሰው አዲ አርቃይ አለ» አለኝ። በአገራችን ጉሮሮው የታመመ ሁሉ እንጥሉ ወረደ ይባላል፤ መፍትሔውም ማስቆረጥ ነው። ከባንቺአየሁ ጋር በአውቶቡስ ሊማሊሞን ወረድን። ያን ሁሉ ገደል ተኝቼ ነው ያለፍሁት።

እንጥል ቆራጩ ዱካ ላይ አስቀመጠኝ። ጫፉ የጠመመ ብረቱን በጋቢው ጠረገ። አፌን ከፈትሁ።

«ማን ጠቆመዎት?» አለኝ።

«ግራ ጌታ ምስጋናው።»

ስሙን ስጠራ አፌን ገጠምሁ። «ድምፄን ሊያስቆርጠኝ ነው!» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ሰውየው ብረቱን እንደያዘ ቀረ። ምስጋናው ምንም ክፋት እንዳልነበረው በኋላ ገብቶኛል፤ ጥርጣሬዬ በዕድሜዬ አንድ ቀን ቢጠቅመኝ፣ እሱም በስህተት ነው።

ስንመለስ ደባርቅ ላይ ባንቺአየሁ ጋቢዬን ይዛ ከአውቶቡሱ አወረደችኝ። «ከብረቱ አምልጠዋል፤ ከሐኪም ግን አያመልጡም» አለች።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ክብደቴን፣ ደም ግፊቴን፣ ከዚያ በሜትር አንገቴን ለካች።

«አንገቴ ምን አደረገሽ ልጄ?» አልኋት።

«አንገት ሲወፍር የአየር መተላለፊያው ይጠባል አባቴ» አለችና ወደ ባንቺአየሁ ዞረች። «እናቴ፣ ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቋረጣል?»

ባንቺአየሁ ከመቀነቷ ስልኳን አወጣችና ከፈተችው።

የወፍጮ ቤት ጩኸት የመሰለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ይህ የኔ ድምፅ አይደለም» አልሁ። የማን ወፍጮ ቀድታ ነው የመጣችው ብዬም ጠርጥሬ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ዝም።

ዜማ የሚያስተምር ሰው ዝምታን መቁጠር ያውቃል። ጣቴ ጉልበቴን እየመታ ቆጠረ። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አየር አጠረኝ። ከስልኩ «አንቱ! አንቱ!» የሚል የባንቺአየሁ ድምፅ ወጣ። ድም የሚል ነገር ተሰማ። ቀጥሎ ከውኃ እንደወጣ ሰው ሲያቃስት የሰማሁት እኔን ነው። ያ ድምፅ የኔ ነው። አወቅሁት።

«ድም ያለው ምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ክርኔ ነው ልጄ። ትንፋሻቸው ሲቆም ጎናቸውን እመታቸዋለሁ። ይኸው አራት ዓመቴ። እኔ ከተኛሁ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ማንኮራፋትዎን ብነግርዎት ድግምት ነው አሉ። ክርኔ ነው ብልዎት ደግሞ ልትገድዪኝ ነው ይሉኝ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ እል ነበር። አፈርሁ። እንባዬም መጣ።

ዶክተሯ በሽታው «ስሊፕ አፕኒያ» እንደሚባል ነገረችኝ። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ በጠበበው መንገድ የሚያልፈው አየር ሥጋውን ሲያንቀጠቅጠው ማንኮራፋት ይሆናል። መንገዱ ጨርሶ ሲዘጋ ትንፋሽ ይቆማል። ያንኮራፋ ሁሉ አፕኒያ አለበት ማለት አይደለም፤ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ግን መመርመር አለበት። እኔ ላይ ብዙ ነገር ተደራርቧል፤ ውፍረቱ፣ የታፈነው አፍንጫዬ፣ የማታው ጠላ፣ በጀርባ መተኛቴ። «እንጥልዎን ተቆርጠው ቢሆን ደም ሊፈስዎት፣ ድምፅዎም ሊበላሽ ይችል ነበር» አለችኝ። እንጥል ቆራጩ ባላጋራዋ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም።

ወደ ጎንደር ላከችኝ፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም አየኝ፣ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ታስሮልኝም አደርሁ። ሕመሙ መካከለኛ ነው፤ ክብደት ቀንሰህ፣ አተኛኘትህን አስተካክለህ ተመልሰህ ትታያለህ፣ ካልበቃ ግን አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር «ሲፓፕ» የሚባል መሣሪያ ያስፈልግሃል ተባልሁ። ለአፍንጫዬ የሚነፋ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ የእንቅልፍ ኪኒን በራሴ ፈቃድ እንዳልውጥም አጥብቀው አስጠነቀቁኝ።

ባንቺአየሁ አሮጌ ካልሲ አጠቅልላ ኳስ ሠራችና በማድርበት ሸሚዝ ጀርባ ላይ ሰፋችው፤ በጀርባዬ ልጋደም ስል ኳሱ ይቆረቁረኝና ወደ ጎኔ እመለሳለሁ፣ የአልጋውንም ራስጌ በሳንቃ ከፍ አደረገችው። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ልቤ እስኪመታ እወጣ ጀመር፤ በየተዝካሩ ከመሶቡ ቀድሜ መነሣትን ለመድሁ። የከበደኝ ጠላውን መተው ነው፤ ካህን እንቢ ያለ እንደሆነ ጋባዡ መርዝ የጠረጠረ ይመስለዋልና፣ አንዲት እመቤት ፊት ለፊቴ ከዋንጫው ጎንጨት ብላ «ይኸው ቀመስሁልዎት እኮ መሪጌታ!» እስክትለኝ ደርሻለሁ። ስጠረጥር ኖሬ በማልጠረጥርበት ጊዜ ተጠራጣሪ ተባልሁ፤ እግዜር ሲቀጣ እንዲህ ነው።

ለሕክምና ስመላለስ ወንበሬን የጠበቀልኝ ምስጋናው ነው። በተመለስሁ ቀን ተነሥቶ «ይቀመጡ የኔታ» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ለምን ይህን ያህል ደግ እንደሆነልኝ ግን እስካሁን እየተከታተልሁት ነው።

ክብረ በዓሉ ዳግመኛ ሲመጣ ወረቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነቅቼ መራሁ። በመጨረሻው ምርመራም ለጊዜው መሣሪያው አያስፈልግህም፣ ክትትሉን ግን እንዳታቋርጥ ተባልሁ። ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ ሐኪሞቹን እግዜር ይስጥልኝ። አንባቢዬ ሆይ፣ ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ታንኮራፋለህ ሲሉህ አትከራከር። ይልቅ እንዲህ ያለችህን ሴት ሌሊቱን እንዴት እንደምታድር ጠይቃት።

ባንቺአየሁ ከተሻለኝም በኋላ ወራት ያህል መንቃቷን አልተወችም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ዳገቱን ወጥቼ ስመለስ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፣ እሷ እንደተኛች ናት። ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ጎረቤታችን ገበያ ልትጠራት መጣችና «ምነው፣ ባንቺአየሁ ታመመች እንዴ?» አለችኝ።

«ደህና ናት፤ ተኝታ ነው» አልኋት፤ «ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ የአራት ዓመት እንቅልፍ አለባት።»