በነሐሴ ማርያም ዕለት ወደ ፏፏቴው

አባቴ ከዓይን ሐኪም እንደተመለሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማየት ሳይሳናቸው፣ በተማሪነታቸው ሥሩ ተቀምጠው ዜማ ያጠኑበትን ፏፏቴ አንድ ጊዜ እንዳሳያቸው። ሐኪሙ የዓይናቸው ብርሃን ቀስ በቀስ እየደከመ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን «ገና ነው፤ ሩቁን ደህና አያለሁ» ይሉኝ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ መሄድ ነበረብን፤ በበጋ ያ ውሃ ቀጥኖ ክር ነው የሚያህለው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የነሐሴ ማርያም በዓል ስለሆነ ሰው ቤቱ ይውላል፣ መንገዱም ጭር ይላል ብዬ። ጎጃም ተወልጄ አድጌ እንዲህ ማሰቤ እስካሁን ያናድደኛል። በማርያም ዕለት ዝክር የማይዘከርበት መንደር የት አለና!

ይጁቤን አልፈን ከመኪና ስንወርድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፏፏቴው ቢበዛ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ከቀትር በኋላ ገደሉን ጉም እንደሚሞላው ስለማውቅ ቶሎ ቶሎ እንራመድ አልኩ።

መቶ እርምጃ ሳንሄድ አንዲት ሴት ከአጥሯ ብቅ አለች። «የኔታ! የማርያምን ዝክር ረግጠው ሊያልፉ ነው?»

አባቴ በዚያ አገር ብዙ ዘመን ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ገባን። ዳቦው ተባረከ፣ ቡራኬው ረዘመ፣ ጠላው ተቀዳ። አንድ ብርጭቆ የተባለው ሦስት ሆነ። ስንወጣ ጎረቤትየው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። የእሷን ቀምሶ የእሱን መተው እንዴት ይሆናል? ቅያሜው አያድርስ ነው። እዚያም ገባን።

«አባባ፣ እንሂድ እንጂ» እላለሁ በጆሯቸው።

«ቆይ እስቲ፤ ሰው ማስቀየም ነውር ነው።»

ሦስተኛው ቤት ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ፏፏቴውን ማየት የፈለጉት እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ?» ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባቸው። አባቴ አቀረቀሩ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ቀሪውን መንገድ ክንዴን ጨብጠው «ጭቃው ያዳልጣል» እያሉ በዝግታ ሄድን። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የፈራሁት ደረሰ። ከእግራችን ሥር ጀምሮ ጉም ብቻ ነው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል እንጂ ጠብታ አይታይም። እንባዬ መጣ። ይኸው፣ ጠላዎ አስቀረን ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

አባቴ ክንዴን ለቀቁ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ ጉሙ ቀና አሉ።

«ተመስገን! እንዴት ሞልቷል!» አሉ። «ዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ለአንተም ይታይሃል አይደል?»

እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ደስታ በደስታ ሆነዋል። ሩቁን አያለሁ ሲሉኝ የከረሙት እንዳልጨነቅ ብለው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በራሴ አፈርኩ።

«አዎ አባባ፣ ሞልቷል» አልኩ። «እስኪበቃዎት ይዩት፤ አንቸኩልም።»