ለአንድ እጀታ የሚሆን ቆዳ

ወንድሜን ከሩቅ የሚያውቁት ሁሉ «ትዕግሥቱ!» ይሉኛል። ከሩቅ ስለሚያውቁት ነው። አብሮት አንድ ጣሪያ ሥር የኖረ፣ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ገብቶ ገንዳው ውስጥ የፍየል ቆዳ ከነጠጉሩ ተዘፍዝፎ ያገኘ ሰው ግን፣ የትዕግሥት ወሬ ሲነሳ የማን ትዕግሥት እንደሆነ ይጠይቃል።

«ጋሼ!» አልኩ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ።

«እንዳትነኪው!» አለ ከኋላ ክፍል። ምን አየሽ እንኳ አላለኝም።

«ፊቴን የት ልታጠብ?»

«ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧ የለም?»

«ሳህን በሚታጠብበት?»

«ፊትሽ ከሳህን ይበልጣል?»

ይኸውላችሁ ትዕግሥተኛው። ጠጉሩ ቱቦውን ደፍኖት ውኃው አልወርድ ብሎ፣ ሽታው ኮሪደሩን አልፎ እኔ መጋረጃ የምሰፋበት የፊት ክፍል ድረስ ገብቶ፣ ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው «እዚህ ቤት የሞተ ነገር አለ እንዴ?» እያሉኝ፣ እሱ ፊቴን ከሳህን ያወዳድራል።

ጋሼ የእንጨት ቀስት ሠሪ ነው። የከተማው የቀስት ክለብ ወርዋሪዎች የሚወዳደሩበትን ቀስት ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሲያበጅ ኖሯል። በእንጨቱ ሥራ ቅሬታ የለኝም። ሲላግ ጥሩ ሽታ አለው፣ ፍቅፋቂው ይጠረጋል፣ ነገሩ ያልቃል። የሚያጣላን እጀታው ነው። የቀስቱ መሃል፣ ወርዋሪው በአንድ እጁ ጨብጦ የሚይዘው ስንዝር የማይሞላ ቦታ፣ ቆዳ ይለብሳል። ሌላው ሰው ከሱቅ የለፋ ቆዳ ገዝቶ በማጣበቂያ ይለጥፍና ይገላገላል። ጋሼ ግን ጥሬውን ቆዳ ከሥጋ ቤት አምጥቶ ራሱ ካላዘጋጀ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው።

መጀመሪያ ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ይዘፈዝፈዋል። ጠጉሩ ሲለቅ ቆዳውን ድቡልቡል ግንድ ላይ ዘርግቶ በደነዘ ቢላ ይፍቀዋል፤ ገልብጦ ደግሞ የቀረውን ሥጋና ስብ ይፍቃል። ያጥበዋል፤ ፍሬም ላይ ወጥሮ ጥላ ሥር ያደርቀዋል። ከዚያ ለእጀታው የሚበቃውን ይቆርጥና እንደገና ውኃ አጠጥቶ አለስልሶ፣ እርጥቡን እንጨቱ ላይ ይሰፋዋል። እርጥብ የተሰፋ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል፤ ማጣበቂያ አያሻውም። ምድጃ ዳር ላድርቅህ ያሉት እንደሆነ ግን ተጠማዞ ይሰነጠቃል። ይህን ለማፍጠን የሞከረ ሁሉ ከጋሼ አፍ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እኔ ስንቴ እንደተባልኩ እንጃ።

ምላሱስ! የጋሼ ምላስ ከወስፌው ይበልጥ ይወጋል። ሥራ ሊማሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ሸሹ። አንዱ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ትልቅ ሰው፣ «ይሄ እጅ ነው አካፋ?» ተብሎ ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ። ሌላው ኮቱን እንኳ አልወሰደም። የቀረሁት እኔ ነኝ። የመጋረጃ ጠርዝ ስሰፋ ባጠገቤ ያልፍና «ይሄ ስፌት ነው የጉንዳን መንገድ?» ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። እናታችን «ተዋት፣ ትማርበት» ስትለው «እየተማረች አይደለም» ይላት ነበር። እኔም በተናደድኩ ቁጥር «ቦርሳዬን ይዤ ልጄ ጋ እሄዳለሁ!» እላለሁ። «ሂጂ፤ በሩን ዝጊው ብቻ» ይለኛል።

ዘንድሮ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነግሮኝ እንዳይመስላችሁ! የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ሲይዝ አይቼ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ጀርባውን ይሰጠኛል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ብርድ ነው» ይላል፤ እኔ ከሙቀቱ የተነሳ በካርቶን እያራገብኩ። በስንት ጭቅጭቅ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ፣ ነገሩ እየባሰ እንጂ እየተሻለ የሚሄድ አይደለም አለን። ስንወጣ ጋሼ «ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል» አለ።

ከዚያ የክለቡ አሠልጣኝ መጣች፤ ፊሽካ ከአንገቷ ስለማይጠፋ ፊሽካዋ ነው የምንላት። እሱ ራሱ የሠራውን ቀስት ይዛለች። የእጀታው ስፌት ላልቶ ቆዳው እንደ ሰፊ ካልሲ ይዞራል።

«ጋሼ፣ ውድድር ላይ ከወርዋሪዎቼ አንዷ እጅ ውስጥ ዞረባት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ክለቡ የፋብሪካ ቀስት እንግዛ እያለ ነው። እኔ አንድ ይሥሩና እንየው ብዬ ለምኛለሁ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እመጣለሁ። ይሄኛውም ከላላ ግን… ምን ልበልዎ?»

«አይላላም» አለ ጋሼ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።

ክለቡ ከተወው ሌላ የሚያሠራው የለም። ያስጨነቀኝ የምንበላው አይደለም፤ መጋረጃው አለ። ግን ይህ ሰው ቀስት ካልሠራ ጠዋት ለምን ብሎ ከአልጋው እንደሚነሳ አላውቅም። እሱም አያውቅም።

እንጨቱን መላጊያውን በሁለት እጁ ተጭኖ ጨረሰው። የመጀመሪያውን ቆዳ ሲፍቅ ግን ቢላው ሾልኮ ልክ ለእጀታ በሚሆነው በኩል በሳው። ሁለተኛውን እንጨቱ ላይ ጠቅልሎ ሰፋ፣ ፈታ፣ ሰፋ፣ ፈታ፤ የወስፌው ቀዳዳዎች እርስ በርስ ተቀዳድደው ቆዳው ወንፊት ሆነ። ሦስተኛው ነው እንግዲህ ገንዳዬ ውስጥ የተኛው። «ላግዝህ» ስለው «አንቺ መጋረጃሽን ስፊ» አለኝ። እልኸኛ! ጨጓራዬን ላጠው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከኋላ ክፍል የቢላው መውደቅ ይሰማኛል። ኳ! ጸጥታ። ኳ! ጸጥታ። ደሜ ፈላ። የያዝኩትን ጨርቅ ወርውሬ ገባሁ።

«ስጠኝ!» አልኩት።

ውጪልኝ ይለኛል ብዬ የቦርሳዬን ዛቻ አዘጋጅቼ ነበር። አላለኝም። ቢላውን ሰጠኝና ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ፋቅሁ። የእኔ እጅ መጋረጃ እንጂ ቆዳ መፋቅ አያውቅም። አንዴ ቢላውን አቁሜው ቆዳውን ከጫፉ በኩል በደንብ አድርጌ ጫርኩት። ቀና ብዬ ስድቤን ጠበቅሁ።

«አይዞሽ» አለኝ።

አይዞሽ! ይህ ቃል ከዚህ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳ «ለቅሶው ይብቃሽ፣ ዓይንሽ ያብጣል» ነው ያለኝ። የባሰ ተናደድኩ።

ቆዳው ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና ረጥቦ የሚሰፋበት ቀን ደረሰ። ፊሽካዋ ልትመጣ ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር፤ ይህኛው ከተበላሸ ሌላ ቆዳ ማድረስ አይቻልም። ጋሼ በርጩማው ላይ ነው። እኔ ቀስቱን ጭኔ መሃል አጥብቄ፣ እርጥቡን ቆዳ ጠቅልዬበት፣ ሰም በተቀባ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ እያሻገርኩ እሰፋለሁ። ክሩ ከሁለቱም በኩል እኩል መጎተት አለበት፤ አንዱ ጎን ከላላ እጀታው ውሎ አድሮ ይዞራል። ይህን ሲጮህበት እየሰማሁ ስላረጀሁ አውቀዋለሁ።

«እንዲህ ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው።»

«ይሄስ?»

«ጥሩ ነው» አለ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ።

 ልፈትነው ብዬ አውቄ አንዱን ጥልፍ አጣመምኩት። በቀኝ በኩል ክሩን ሳልጎትት ተውኩት፤ ዓይነ ስውር በዳሰሳ የሚያገኘው ስሕተት ነው። አሁን በጩኸት ጣራውን ያነሳዋል ብዬ ቀስቱን ዓይኑ ሥር አደረግሁት። አየው። ቆይቶ አየው።

«ጥሩ ነው» አለኝ።

አልቻልኩም። «ይሄ ጥሩ ነው?» አልኩ ቀስቱን እያወዛወዝኩበት። «ዓይንህ የት ሄደ? ያ ሰው ሁሉ ያባረርክበት አፍህ ዛሬ የት ገባ? ይሄ ላልቶ ክለቡ ቢተውህ ግድ የለህም? ሞተሃል እንዴ አንተ ሰውዬ!»

 «ጠማማ ነው» አለ። «ገና መርፌውን ስታስገቢው አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ብናገርሽ ትሄጃለሽ።» ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። «ሁሉም ሄደዋል። አንቺም ልጄ ጋ ልሂድ ስትዪ እሰማለሁ። ድሮ እጄ ነበረኝ፤ ሂጂ እልሽ ነበር። አሁን ምኔን ይዤ?»

 ስንት ዘመን በዚህ ሰው አፍ ተቃጥዬ፣ አንድ ቀን ዝም ቢልልኝ ብዬ ተመኝቼ፣ ዝም ያለኝ ለካ ፈርቶኝ ነው። ላቅፈው ፈለግሁ። ቤታችን ውስጥ ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ተውኩት።

«ጋሼ፣ ስማኝ» አልኩት። «በዛትኩ ቁጥር ብሄድ ኖሮ ቦርሳዬ ጎማ ባወጣ ነበር። የትም አልሄድም። አሁን ካልተቆጣኸኝ ግን ይሄን ቀስት በመስኮት እወረውረዋለሁ።»

ቀና አለ። «በመስኮት?»

«በመስኮት!»

«እሱንም አትችዪበትም» አለ። ከዚያ በርጩማውን እየጎተተ ተጠጋኝ። «ፍቺው! ከእሱ በፊት ያሉትንም ፍቺ፤ እነሱም የሚያኮሩ አይደሉም። መርፌውን እንደ ማንኪያ አትያዥው! ይሄ ቆዳ ነው፣ የሰው መጋረጃ መሰለሽ? ጎትቺ! ሁለቱንም! ሁለቱንም አልኩ እኮ!»

ፈታሁ። እንደገና ሰፋሁ። እሱ ሲጮህ፣ እኔ ስመልስለት፣ ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ ዋለ። ቀስቱን ጥላ ሥር ሰቅለን እስኪደርቅ ድረስ እንኳ አላረፈም፤ ኮሪደሩ ላይ ባየኝ ቁጥር አንድ ያስታወሰው ጥፋት ነበረው።

ቅዳሜ ፊሽካዋ መጣች። እጀታውን ጨብጣ በሙሉ ኃይሏ ጠመዘዘችው። ቆዳው ንቅንቅ አላለም። ገመዱን ሳበች፣ ቀስ ብላ መለሰች፣ እንደገና ጠመዘዘች።

«እጅዎ ዳነ ማለት ነው ጋሼ!» አለች ፊቷ በርቶ።

አዎ ቢላት ማን ያውቅበታል? እኔ ትንፍሽ አልልም ነበር። እሱ ግን ከሰው ሁሉ ሲደብቀው የኖረውን ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ፊት ለፊቷ ዘረጋው። ይንቀጠቀጣል። ሦስታችንም ቆመን አየነው።

«አልዳነም፤ አይድንምም» አላት። «እህቴ ናት የሰፋችው። ከእንግዲህም የምትሰፋው እሷ ናት። ለክለቡ እንደዚህ ብለሽ ንገሪ።»

እንባዬ መጣ፤ ጨርቅ እንደማነሳ ሆኜ ዞርኩ።

«ከታች ሁለተኛው ጥልፍ ግን አሁንም ጠማማ ነው» አለ ከኋላዬ።

ቀስቱን ከሴትዮዋ እጅ ነጥቄ አየሁት። እውነቱን ነው።