የሙሳ ማንጎ

ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ፣ አንድ ረዳት «ሙሳ ማንጎ! ሙሳ ማንጎ! አንድ ሰው ቀረ!» እያለ ይጮኻል። መንገዴ ወደዚያ አልነበረም፤ ቢሆንም ዞር ብዬ አየሁት። ያንን ስም ካርታ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ያልሞላኝ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው፤ እኔ ግን ሞፈር ከመጨበጥ እርሳስ መጨበጥ ስለቀለለኝ፣ የድሮ ካርታ ከሚያርሙ ባለሙያዎች ጋር ተቀጠርኩ። ካርታው መንደር አለ ካለ፣ ሄደን መኖሩን እናያለን። በመጋቢት ሐሩር፣ ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሮ፣ ቀርከሃ እየገፋን እንጓዛለን። ያ ቡናማ መስመር የበዛበት ወረቀት ኮረብታውን ሁሉ ያውቃል፤ ጥላ የት እንዳለ ግን አይናገርም።

አንድ ቀን ካርታው «መንደር አለ» ከሚለው ቦታ ስንደርስ፣ ያገኘነው የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይና አንድ ትልቅ ማንጎ ነበር። ከዛፉ ሥር ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መንደራቸው ወንዝ ከተሻገረ ቆይቷል። እዚያ አገር ደግሞ ሰፈር ሲነሳ ስሙም አብሮ ይነሳል።

«ስሙን ሰርዝና ወንዝ ማዶ ጻፈው» አለኝ አለቃዬ። «ይኼን ባዶ መሬት በለው።»

ሽማግሌው ሰሙ፤ አማርኛ ብዙም አይቀናቸውም። «ባዶ አትበል፣ ልጄ። ባዶ ካልክ ወርቅ የሚቆፍር ማሽን ይመጣል።»

«ሰው የለማ፣ ሼህ! ስሙንም ይዛችሁት ሄዳችሁ» አልኳቸው።

«ስም ሄደ፣ እኛም ሄደ። ሙሳ አልሄደም።» ግንዱን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት። «ወንድሜ ነው። ይሄ ዛፍ እሱ ተከለ። አሁን እዚህ ሥር አለ። ወላሂ፣ ማሽን ከመጣ አጥንቱ ይወጣል።»

አለቃዬ ክፉ አልነበረም፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። አንድ ስም ሁለት ቦታ አይጻፍም፣ የአንድ ሰው መቃብርም ካርታ ላይ አይገባም።

«ዛፉስ? ትልቅ ዛፍ ምልክት አለው አይደል?» አልኩት።

ላቡን ጠረገና ሳቀ። «ጻፍ፣ ጻፍ፤ ርቦኛል።»

የዛፍ ምልክት አድርጌ ከጎኑ «ሙሳ ማንጎ» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ «ሙሳ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፣ በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ ወንዝ ማዶ ወስደው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አበሉን። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ገንፎ የለም።

ማሽኑ ከዓመታት በኋላ መጥቶ ከወንዙ በታች ቆፈረ አሉ። ማንጎውን ያተረፈው ካርታው ይሁን ዕድል፣ አላውቅም። ሰው ግን ተመልሶ ዙሪያውን ሰፈረ።

ረዳቱን ጠጋ ብዬ «ሙሳ ማነው?» አልኩት።

«የቦታ ስም ነው እንጂ ሰው አይደለም፣ ፋዘር!» ብሎ ሳቀብኝ።

መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ቆይቶ ግን ደስ አለኝ። መኪናው ሞልቶ ሄደ። ሙሳ እዚያው ነው።