በአንድ ዓይን የተሳልኩበት ግድግዳ

ግድግዳውን ኖራ አልቀባም አልኩ። ርዕሰ መምህራችን የጠየቁኝ የዝውውር ማመልከቻዬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ነበር። እናቴ ቢቸና ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ውኃ የሚቀዳላት ጎረቤት ነው። እኔ ሞጣ ላይ ሥነ ውበት እያስተማርኩ ያቺን ፊርማ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ነገሩ የመጣው በወንዙ ነው። ከትምህርት ቤታችን አጥር በታች የሚወርደው ወንዝ ወንዝ የሚባለው በክረምት ብቻ ነው። በበጋ ፌስታል፣ የጠርሙስ ስባሪና የከብት ፈርስ የተኛበት ቦይ ይሆናል። ከታች ያለው ሰው ግን ያንኑ ይቀዳል፣ ከብቱንም ያንኑ ያጠጣል። ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት ጊዜ ጠራርገነው ነበር፤ ገበያ ውሎ ሲበተን ቆሻሻው ቦታው ላይ ነው። እንግዲያው እንሳለው አልኳቸው፤ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው የአጥሩ ግድግዳ ላይ። ልጆቹ ከየቤቱ የበርና የመስኮት ቀለም ትራፊ ለምነው አመጡ፤ የጎደለውን በቀይ አፈርና በከሰል ሞላን።

ወንዙን ከነሰዎቹ ሳሉት። ማንም ሳያዛቸው ቆሻሻ የሚጥለውን ሁሉ በጎን፣ በአንድ ዓይን አደረጉት። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲያዩት ያደጉት ነው፤ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይን ያያል፣ ከሐዲና ሰይጣን በጎን ይሳላሉ። አንዲት የነጋዴ ልጅ፣ ሙስሊም ተማሪዬ፣ ግራ ገብቷት «ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። ጓደኞቿ አስረዷት። ደህና አድርጋ ሰማችና ብሩሿን አነሣች።

ከተማው ሳቀ። ልኳንዳ ያላቸው የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ባርኔጣቸውን ግድግዳው ላይ አወቁት። ፈርስ ሲደፉ፣ በአንድ ዓይን! «ዕድሜ ልኬን ስጾም ኖሬ ከይሁዳ ጋር አሰለፋችሁኝ?» እያሉ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ውሸት ነው ግን አላሉም።

«ለወላጆች በዓል ግድግዳው ነጭ ይሁን፤ አንቺም ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። እምቢ ብዬ ወጣሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን ወድጄው አላውቅም።

ኩራቴ የቆየው ግድግዳው ጋ እስክደርስ ነው። ያቺ የነጋዴ ልጅ አዲስ ሰው ስላ ጨርሳለች፤ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች፣ ወንዙ ላይ ጣሳ የምትደፋ ሴት። በአንድ ዓይን። ያንኑ ሹራብ ለብሼው ነበር።

«ይህች ማን ናት?» አልኳት።

«እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር። ብሩሽ ያጠቡበትን ቤንዚን በየቀኑ እዚያ ነው የሚደፉት።»

ደሜ ፈላ። እኔ ለእነሱ ስል እናቴን ልተው፣ እነሱ ደግሞ እኔን! የተበጠበጠ ኖራ በባልዲ አጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ ዘበኛው አዘጋጅቶት ነው። ብቀባው ፊርማዬን አገኛለሁ፣ ፊቴንም እሸፍናለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ባልዲውን አንሥቻለሁ። ልጆቹ ያዩኝ ነበር። እኔ ግን ስደፋ የኖርኩትን ቤንዚን አውቀዋለሁ፤ ሌላ የሚደፋበት ቦታ እንዳለ አስቤ እንኳ አላውቅም። ባልዲውን መልሼ አስቀመጥኩት።

በበዓሉ ቀን ሰብሳቢው በወላጆች መካከል ተነሡ። «የኛንስ ተይው፣ መምህርት፤ የራስሽን እንኳ አታጠፊም? አታፍሪም?»

«አፍራለሁ» አልኳቸው። «ስለማፍር ነው የማላጠፋው። እርስዎም ካፈሩ ይምጡና ጉድጓድ እንቆፍር፤ እርስዎ ፈርሱን ይቅበሩ፣ እኔም እጣቢዬን ከወንዙ ላርቅ።»

ወላጆች አጉረመረሙ፤ አንዳንዱ አፉን በነጠላው ይዞ ሳቀ። ሰብሳቢው ተቀመጡ። ለቁፋሮው አልመጡም። እኔና ልጆቹ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆፈርን፤ እጄ ውኃ ቋጠረ።

ፊርማው ቀረ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ሌላ አራት ዓመት ሞጣ ኖርኩ፤ በየቀኑም በዚያ ግድግዳ ሥር፣ ከባርኔጣው አጠገብ በአንድ ዓይን እየታየሁ ወደ ክፍል ገባሁ። አዲስ የመጡ ተማሪዎች ይጠቋቆሙብኝ ነበር። ልጅቱን ፊቴን አዙሪልኝ ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትም እምቢ ትለኝ ነበር፤ እምቢ ማለትን ደግሞ ከእኔ ነው የተማረችው።